ከቁርጡባ እስከ ጓሯችን፦ የአትክልትን ወቅት የቆጠሩ ሰዎች ታሪክ

በአንድ ዓመት የሻዕባን ወር ከሰኔ አጋማሽ ጋር ገጠመና አንድ ሰው በጓሮው ጎመን ተከለ እንበል። ዝናቡ ደረሰለት፤ ጎመኑም አማረለት። ሰውየውም «የጎመን ወር ሻዕባን ነው» ብሎ በልቡ ያዘ። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው በሻዕባን ቢተክል ምን የሚገጥመው ይመስላችኋል? ሻዕባን በዚያን ጊዜ ወደ የካቲት መጨረሻ ሸሽቷል። ምድሩ ደርቋል፤ ነፋሱ አቧራ ያነሳል፤ ችግኙም በሁለት ቀን ይጠወልጋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጨረቃ ዓመት ወደ 354 ቀን ገደማ ነው፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል። ስለዚህ ረመዳናችን በክረምትም በበጋም እየዞረ ይመጣል፤ በ33 ዓመት ገደማ ውስጥም ወቅቶችን ሁሉ ያዳርሳል። ይህ ለጾመኛው ትልቅ ፍትሕ ነው፤ የትኛውም አገር ሕዝብ ዘወትር በረጅሙና በሞቃቱ ቀን ብቻ እንዲጾም አይገደድም። ለዘሩና ለችግኙ ግን የጨረቃ ወር ቀጠሮ ሊሆነው አይችልም። ዘር የሚሰማው ሙቀትን፣ ዝናብንና የቀንን ርዝመት ነው፤ እነዚህም የፀሐይ ተከታዮች ናቸው።

እንግዲህ በሂጅራ አቆጣጠር ጾማቸውን፣ ሐጃቸውንና ዘካቸውን የሚያሰሉ ሕዝቦች አትክልታቸውን የሚንከባከቡበትን ወቅት በምን ቆጠሩ? ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ሲመረመር ግን ስለ እውቀት አያያዝ፣ እውቀት እንዴት እንደሚለማና እንዴትም እንደሚጠፋ የሚያስተምር ታሪክ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉልን።

ግብር ያልደረሰ እሸት ሲጠብቅ

ቁርኣን ፀሐይም ጨረቃም ለሰው ልጅ የጊዜ መቁጠሪያ እንደተደረጉ ያስተምራል። የጥንት ሙስሊሞችም ሁለቱን አላጋጩም፤ ለዒባዳ ጨረቃን፣ ለእርሻ ፀሐይን ያዙ። በእርሻ ጉዳይ ልምድ ዋጋ እንዳለው ደግሞ ከመዲና ዘመን ጀምሮ ትምህርት ነበራቸው። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው የመዲና ሰዎች የወንዱን ቴምር ብናኝ በሴቷ አበባ ላይ እያደረጉ ያዳቅሉ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ የሚጠቅም እንደማይመስላቸው ሲናገሩ ሰዎቹ ሥራውን ተዉት፤ የዚያ ዓመት ምርትም አነሰ። ያን ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዓለማዊ ሙያቸው ጉዳይ እነርሱ ይበልጥ አዋቂዎች መሆናቸውን ነገሯቸው። አትክልተኛው በእጁ ፈትኖ ያገኘው እውቀት ክብር ያለው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምን አለ?

የወቅት ቆጠራ ሲዛባ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ደግሞ የባግዳድ ታሪክ ይነግረናል። በኢራቅና በፋርስ ምድር የመሬት ግብር፣ ማለትም ኸራጅ፣ የሚሰበሰበው በፋርሶች የዘመን መለወጫ በኔይሩዝ ነበር። የፋርሶች ዓመት 365 ቀን ብቻ ነው፤ ተረፉን ሩብ ቀን አይቆጥርም። የሳሳኒዶች መንግሥት ከወደቀ በኋላ ይህን ጉድለት የሚያስተካክል ስላልነበረ ኔይሩዝ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት እየቀደመ ሄደ። በጊዜ ብዛት የግብሩ ቀን አዝመራው ሳይደርስ ይመጣ ጀመር።

ታላቁ ሊቅ አል-ቢሩኒ እንደዘገበው ኸሊፋው አል-ሙተወኪል በአደን ሥፍራው ሲዘዋወር ሰብሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ ተመለከተ። ግብሩ ግን ቀኑ ደርሷል ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ገበሬው ያልሸጠውን እህል ግብር ሊከፍል የግድ መበደር ነበረበት፤ የባሰበትም መሬቱን ጥሎ ይሰደድ ነበር። አል-ሙተወኪል የግብሩ ቀን እንዲዘገይ አዘዘ፤ ነገር ግን ነገሩ ሳይጸና በ861 ተገደለ። ሥራውን የፈጸመው አል-ሙዕተዲድ ነው፤ በ895 የግብሩን ኔይሩዝ ወደ ሰኔ ወር፣ አዝመራው ወደሚደርስበት ጊዜ አዛወረው። ያን ዘመን ላይ ሆነን ብናስበው የቀን ቆጠራ ጉዳይ የሊቃውንት መዝናኛ አልነበረም፤ የድሃ ገበሬ እንጀራ ነበር።

የግብፅ ወሮችና የእኛ ወሮች

በግብፅ ደግሞ ሙስሊሙ ገበሬ የቅብጦችን ወሮች ይዞ ዘለቀ። ጾሙን በረመዳን ይጾማል፤ ዘሩን ግን በባባና በሃቱር ይዘራል። ኢብን መማቲ የተባለው የሰላሁዲን ዘመን የመንግሥት ሹም (የሞተው በ1209 ነው) ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥርዓት በጻፈው መጽሐፉ በየቅብጥ ወሩ ምን እንደሚዘራ፣ ምን እንደሚታጨድ፣ የትኛው ፍሬ እንደሚደርስ ዘርዝሯል። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶም የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ (1364–1442) ይህንኑ የወሮች ሥርዓት መዝግቦልናል።

እዚህ ላይ የአገራችን አንባቢ የሚገረምበት ነገር አለ። የቅብጦች ወር ቱት የሚጀምረው በእኛ መስከረም 1 ቀን ነው። ባባ ጥቅምታችን፣ ሃቱር ኅዳራችን፣ ኪያህክ ታኅሣሣችን ነው። አሥራ ሁለቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን ሆነው የተረፈው አምስት ወይም ስድስት ቀን ጳጉሜን መሆኑም አንድ ነው። ስለዚህ ኢብን መማቲ «በባባ ይህ ይዘራል» ብሎ ሲጽፍ እኛ በጥቅምት ልንለው የምንችለውን እየጻፈ ነው። ዝናቡ ግን የተለያየ ነው። በእኛ ደጋ በክረምት የሚወርደው ዝናብ በዓባይ ወርዶ በነሐሴና በመስከረም የግብፅን ሜዳ ያጥለቀልቅ ነበር፤ የግብፁ ገበሬም ውሃው ሲሸሽለት በረጠበው ጭቃ ላይ ይዘራ ነበር። የአንዱ አገር ክረምት የሌላው አገር የዘር ወቅት ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

በባሕሩ ማዶ በየመን ደግሞ የረሱሊዶች ሱልጣኖች ራሳቸው የእርሻ መጽሐፍ ጸሐፊዎች ነበሩ። አል-መሊክ አል-አሽረፍ ዑመር በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ገና ሱልጣን ሳይሆን፣ በየወሩ የሚወጡትን ኮከቦች፣ የሚነፍሱትን ነፋሶች፣ የሚዘሩትንና የሚታጨዱትን አትክልቶች የያዘ የዓመት መቁጠሪያ አዘጋጀ። የመን ገበሬ ወቅቱን በኮከብ መውጣትና መጥለቅ ያውቅ ነበር፤ ሱልጣኑም የገበሬውን ቃል አልናቀም፤ ጻፈው።

የሩሳፋ ሮማን

አሁን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አንደሉስ እንሻገር። የኡመያው ልዑል ዐብዱረሕማን ቤተሰቡ በ750 በዐባሲዶች ሰይፍ ሲያልቅ አምልጦ፣ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ፣ በ756 ቁርጡባን ያዘ። ከከተማይቱ ወጣ ብሎም የአያቱን የሂሻምን የሶርያ ቤተ መንግሥት በማስታወስ ሩሳፋ ብሎ የሰየመውን አትክልት ሥፍራ አቋቋመ። ከሶርያም ዘርና ችግኝ አስመጣ። ስደተኛ ሰው ከአገሩ ሊያመጣ የሚችለው ብዙ አይደለም፤ ዘር ግን በእጅ መዳፍ ይያዛል።

ከመጡት መካከል ሮማን ነበረ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ሰፈር ኢብን ዑበይድ የተባለ ከወታደሮቹ ወገን የሆነ ሰው ከዚያ ሮማን ጥቂት ደረሰው። ፍሬዋን በልቶ አልጨረሳትም። ወደ መንደሩ ወስዶ ዘሯን ተከለ፤ አጠጣ፤ ተንከባከበ፤ ዛፉ አድጎ ፍሬ እስኪይዝ ድረስ ታገሠ። ፍሬውን ወደ አሚሩ ባመጣው ጊዜ አሚሩ ተደነቀ፤ የሶርያውን ያህል ያማረ ነበርና። ያ የሮማን ዓይነት ከዚያ በኋላ «ሰፈሪ» እየተባለ በአንደሉስ ተስፋፋ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን አስተውሉ። በአንደሉስ ስሙ የቀረው ሮማን በአሚሩ ስም አልተጠራም፤ በጓሮው ዘር ተክሎ በታገሠው ሰው ስም ተጠራ። ዘሩን ያስመጣው መንግሥት ነው፤ ያጸደቀው ግን በየወቅቱ ሳይሰለች የተንከባከበው እጅ ነው።

በ961 የተጻፈው መቁጠሪያ

ከዚህ በኋላ 200 ዓመት ያህል ቆይቶ በኸሊፋው አል-ሐከም 2ኛ ዘመን ዛሬ «የቁርጡባ መቁጠሪያ» የሚባለው መጽሐፍ ተዘጋጀ። ዓመቱ 961 ነው። ከመጽሐፉ ጋር ስማቸው የተያያዘው ሁለት ሰዎች ናቸው፦ አንዱ ሐኪምና ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ሙስሊሙ ዐሪብ ኢብን ሰዕድ፣ ሌላው ረቢዕ ኢብን ዘይድ የሚባለው፣ በላቲን ስሙ ሬሴሙንዱስ የተባለ ክርስቲያን ጳጳስ። ረቢዕ ለኸሊፋው መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ እስከ ጀርመን ንጉሥ ድረስ የተጓዘ ሰው ነው። የሁለቱ ሰዎች እምነት ተለያየ፤ የዝናቡና የአፈሩ ጠባይ ግን ለሁለቱም አንድ ነበር።

መጽሐፉ በፀሐይ ወሮች የተከፋፈለ ነው። በየወሩ የቀኑን ርዝመት፣ የሚወጡትን ኮከቦች፣ ለጤና የሚስማማውን ምግብ፣ የክርስቲያኖችን በዓላትና የእርሻውን ሥራ ይነግራል። በጥር (ጃንዋሪ) ሸንኮራ አገዳ ይቆረጣል። በየካቲት (ፌብሩዋሪ) ሴቶች የሐር ትል እንቁላል እስኪፈለፈል ድረስ ይጠብቃሉ። በመጋቢት (ማርች) የበለስ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ ይቀጠላል፤ ሸንኮራ አገዳ ይተከላል። ጽጌረዳ ሲያብብም ውሃው ይወጣል።

ይህን የመሰለ መጽሐፍ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአንድ መስመር ያለው «በዚህ ወር ይተከላል» የሚለው ቃል ከኋላው ስንት የከሰረ ዓመት አለው? አንዱ ቀድሞ ተክሎ ውርጭ መታው፤ ሌላው ዘግይቶ ተክሎ ፀሐይ አቃጠለው። የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ኪሳራና ትርፍ ተደምሮ ነው አንዲት መስመር የተጻፈችው። ተከታዩ ትውልድም ያንኑ ኪሳራ እንደገና ከመክፈል ዳነ።

አትክልተኞቹ ሊቃውንት

በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጡለይጡላ (ቶሌዶ) በአል-መእሙን ስትገዛ ኢብን ዋፊድ የተባለ ሐኪም የንጉሡን አትክልት ሥፍራ ይመራ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሳው ኢብን በሳል ሐጅ አድርጎ፣ ሲሲሊንና ግብፅን አይቶ የተመለሰ ሰው ነው። ጡለይጡላ በ1085 በካስቲል ንጉሥ እጅ ስትወድቅ ኢብን በሳል የእርሻ ጥበቡን ይዞ ወደ ኢሽቢሊያ (ሴቪል) ወረደ፤ በዚያም እንደገና አትክልት ሥፍራ አለማ።

የኢብን በሳል መጽሐፍ 16 ምዕራፍ አለው። ውሃን በአራት ይከፍላል፦ የዝናብ፣ የወንዝ፣ የምንጭና የጉድጓድ። አፈርን በአሥር ዓይነት ይለያል። እያንዳንዱ አፈርም በየወቅቱ ጠባዩ እንደሚለዋወጥ ያስረዳል፤ አንዱ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ አንዱ በክረምት ውሃ የሚያቁር ነውና። ጾም ያደረ መሬትም ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ድረስ አራት ጊዜ እንዲታረስ ይመክራል። ፍግንም በሰባት ዓይነት ከፋፍሎ የትኛው ለየትኛው አፈር እንደሚስማማ ይናገራል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ የኢሽቢሊያው ኢብን አል-ዐዋም «ኪታብ አል-ፊላሓ» የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ 585 ያህል ተክሎች ተጠቅሰዋል፤ ከ50 በላይ የሚሆኑት ፍሬ ሰጪ ዛፎች ናቸው። ኢብን አል-ዐዋም ከእርሱ በፊት የጻፉትን ሁሉ ሰብስቦ ይጠቅሳል፤ ከዚያም በኢሽቢሊያ አጠገብ ባለው በአሽ-ሸረፍ ኮረብታ ራሱ ሞክሮ ያየውን ለይቶ ያስቀምጣል። በመጽሐፉ ውስጥ ከጥንት የተወረሱ፣ ዛሬ የማንቀበላቸው አፈ ታሪኮችም አሉ። ነገር ግን የሰማውንና የፈተነውን መለየቱ ነው ታላቅ ያደረገው። ከምክሮቹም አንዷ ዛሬ በድርቅ አገር የሚሠራባትን ትመስላለች፦ በዛፉ ግንድ አጠገብ ውሃ ቀስ እያለ የሚያፈስ እንስራ በመሬት ውስጥ መቅበር። ውሃው ሳይባክን ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ያረሰርሳል።

ስለ ቤት አትክልት በተለይ የጻፈልን የአልመሪያው ኢብን ሉዩን ነው። በ1348፣ ታላቁ ወረርሽኝ በተዛመተበት ዓመት፣ የእርሻን ትምህርት በግጥም አዘጋጀ። በመጨረሻው ክፍል ቤት ከነአትክልቱ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል፦ ቤቱ ከፍ ባለ ቦታ ይሁን፤ ጉድጓዱ ወይም የውሃው ቦይ በላይ በኩል ይሁን፤ ከኩሬው አጠገብ ዘወትር የሚለመልሙ ቁጥቋጦዎች ይተከሉ፤ ከዚያ አበቦች፤ ዙሪያውን ወይን። ውሃ ከላይ ወደታች ራሱ እንዲወርድ ማድረግ ማለት ባለቤቱ በየቀኑ እንዳይደክም ማድረግ ነው። በገርናጣ (ግራናዳ) ባለው በጀነት አል-ዐሪፍ በ1958 እሳት ተነስቶ ከዚያ በኋላ በተደረገው ቁፋሮ የጥንቱ የአትክልት መደብ ከመተላለፊያው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህም ውሃው በቦይ መጥቶ መደቡን እንዲያረሰርስ የሚመች ነው።

ከመቶ ስድስት ቤት

ይህ ሁሉ እውቀት ምን ሆነ? ገርናጣ በ1492 ወደቀች። የቀሩት ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ ተደረገ፤ ሞሪስኮ ተባሉ። መጽሐፋቸው ተቃጠለ፤ ቋንቋቸው ተከለከለ። መሬቱን ማልማታቸውን ግን አልተዉም። በመጨረሻ ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት ከስፔን ተባረሩ። የተባረሩት ቁጥር ወደ 300,000 እንደሚደርስ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ በበለንሲያ (ቫሌንሲያ) ግዛት ብቻ ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉ ሞሪስኮ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ በ1609 በበለንሲያ የወጣው የማባረሪያ ዐዋጅ አንዲት አስደናቂ አንቀጽ አለችው። ከመቶ ቤተሰብ ስድስቱ እንዲቀሩ ትፈቅዳለች። ለምን? ቤቶቹን፣ የስኳር መጭመቂያዎቹን፣ የሩዙን ማሳና የውሃውን ቦዮች እንዲጠብቁ፣ በምትካቸው ለሚሰፍሩትም ሰዎች ሥራውን እንዲያስተምሩ! አባራሪው ራሱ እውቀቱ በመሬቱ ውስጥ ሳይሆን በሰዎቹ እጅ ውስጥ እንዳለ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሞሪስኮዎቹ ግን ዘመዶቻቸው ተባርረው እነርሱ መምህር ሆነው ለመቅረት አልፈለጉም፤ አብዛኞቹ አብረው ወጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ መንደር ባዶ ቀረ፤ ብዙ ማሳም ጠፍ ሆነ።

የቀረው ስም ነው። ስፔኖች እስከ ዛሬ ድረስ ጥጥን «አልጎዶን»፣ ስኳርን «አሱካር»፣ የወይራን ፍሬ «አሴይቱና»፣ የውሃ ቦይን «አሴኪያ» ይሉታል፤ ሁሉም ከዐረብኛ የተወሰዱ ናቸው። በቫሌንሲያም ገበሬዎች የመረጧቸው ዳኞች በየሐሙሱ እኩለ ቀን በካቴድራሉ በር ላይ ተቀምጠው የቦይ ውሃ ክርክርን በቃል ይዳኛሉ፤ ይህን ሸንጎ ዩኔስኮ በ2009 በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው። ሞሪስኮዎቹ ከተባረሩ 200 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1802፣ የስፔን መንግሥት የአገሪቱን እርሻ ለማሻሻል ሲያስብ ባንኬሪ የተባለ ቄስ የኢብን አል-ዐዋምን መጽሐፍ ከነትርጉሙ በማድሪድ አሳተመ። ሰዎቹ በግድ ተሰደዱ፤ መጽሐፉ ግን ለአሳዳጆቹ ልጆች መምህር ሆኖ ተመለሰ። የተጻፈው ተረፈ፤ ሳይጻፍ በእጅ ብቻ የነበረው ግን ከባለቤቶቹ ጋር ሄደ።

የእኛስ ጓሮ?

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ወደ ቤታችን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የእኛ እናቶች መጽሐፍ ሳይኖራቸው የጓሮውን ዓመት ያውቁታል። በወሎም፣ በጅማም፣ በሐረርም ጓሮ በበሶብላው፣ በጤና አዳሙ፣ በሎሚው፣ በሮማኑና በቡናው መካከል የትኛው መቼ እንደሚኮተኮት፣ መቼ ውሃ እንደሚከለከል በቃል ይተላለፋል። ዛሬ ግን የከተማው ግቢ በሲሚንቶ እየተሸፈነ፣ ቤተሰቡም ወደ ፎቅ ቤት እየገባ ነው። ማንም አላባረረንም፤ እውቀቱ ግን በዝምታ እየተሰደደ ነው። አንዲት አያት ስትሞት አንድ መቁጠሪያ አብሯት ይቀበራል።

የእኛን ደጋና ወይና ደጋ ጓሮ ዓመት በአጭሩ እንዘርዝረው። በመስከረም ዝናቡ ሲያባራ አረሙን ነቅሎ፣ በዝናብ የተደበደበውን አፈር ኮትኩቶ ማላላት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ፊቱ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ለጋውን ችግኝ ሲመሽ በሳር ወይም በጆንያ መሸፈን፣ ሲነጋ መግለጥ ይገባል። በጥርና በየካቲት ኮክ፣ ወይንና ሮማን ገና ሳያቆጠቁጡ የደረቀውንና የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ መግረዝ ነው። በበጋ ውሃ የሚጠጣው በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት አልፎ አልፎ ጠልቆ እስኪገባ ማጠጣት ሥሩን ወደታች ይስበዋል። ከሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሳር ማልበስ ርጥበቱን ያቆያል።

በልግ ሲገባ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ የበሰለ ፍግ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። ያልበሰለ ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል፤ ይህን የአንደሉስ ሊቃውንትም የእኛ እናቶችም አንድ አፍ ሆነው ይናገራሉ። በግንቦት የዛፍ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ይናፈሳል፤ በሰኔና በሐምሌ ዝናቡ ሲጸና ችግኙ ይተከላል። በክረምት ደግሞ ሥራው ከማጠጣት ወደ ማፋሰስ ይለወጣል። ጤና አዳምና አሪቲ ውሃ ባቆረ መሬት ይበሰብሳሉና ቦይ ይቀደድላቸዋል፤ በጣሳና በቆርቆሮ የተተከለውም ከታች ቀዳዳ ይኑረው።

ይህ ዝርዝር ለሁሉም ቦታ አይሠራም። የሐረር ዝናብ የጅማ አይደለም፤ የደሴ ውርጭ በድሬዳዋ አይታወቅም። ኢብን አል-ዐዋም ከሌሎች የሰማውን በአሽ-ሸረፍ ኮረብታ እንደፈተነ ሁሉ እያንዳንዳችን የሰማነውን በራሳችን ጓሮ መፈተን አለብን። የሚያስፈልገውም አንድ ደብተር ነው። ሎሚው ያበበበትን ቀን፣ የመጀመሪያው ውርጭ የወረደበትን ሌሊት፣ ጎመኑ የተተከለበትንና የደረሰበትን ሳምንት ጻፉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን እናታችሁን ወይም አያታችሁን አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጠይቁ፤ የሚሉትንም መዝግቡ። ሦስት አራት ዓመት ከሞላው በኋላ ያ ደብተር የመንደራችሁ የቁርጡባ መቁጠሪያ ይሆናል። ልጆቻችሁ በኪሳራ የምትገኘውን ትምህርት እንደገና አይከፍሉባትም።

ግቢ የለኝም የሚል አንባቢም ቢኖር ሰፈር ኢብን ዑበይድን ያስታውስ። የጀመረው በጥቂት የሮማን ዘር ነው። በረንዳ ላይ ያለች አንዲት የበሶብላ ጣሳም የራሷ ዓመት፣ የራሷም ወቅት አላት።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም የተከለውን ተክል ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢመገብለት ሶደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። የዓለም ፍጻሜ ቀን ደርሶ እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው አዘዋል። ከእነርሱ የተማሩት ሰዎች ተከሉ፤ ወቅቱን ቆጠሩ፤ የቆጠሩትንም ጻፉ። የጻፉት አገራቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ ሳይጠፋ ለእኛ ደረሰ። እኛ ደግሞ ለሚከተለው ትውልድ የምናደርሰው ምንድን ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) እጃችንን ከሚተክሉት፣ ብዕራችንንም ከሚጠቅሙት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።